የእናኑ ፎቶ በግራ ግድግዳ

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ጎረቤቴ የሆነ ወጣት አዲስ ቤቱን ጨርሶ በደረጃው ግድግዳ ላይ ፎቶ ሲሰቅል አየሁት። ሜትርና ውሃ ልክ ይዟል። አንዱን ያስጠጋል፣ ሌላውን ያርቃል፣ ወደ ኋላ ሄዶ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያያል። «እማማ፣ የትኛው ከላይ ቢሆን ያምራል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ባደግሁበት ቤት የማንም ፎቶ ስላማረ ተሰቅሎ አያውቅም።

ልጅ እያለሁ፣ በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ቡሬ ውስጥ ደርብ ቤት ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ምድር ቤቱ መጋዘን ስለነበር የበርበሬው ሽታ ደረጃውን ተከትሎ እስከ መኝታችን ይወጣል፤ እንግዳ ሦስተኛው እርከን ላይ ሳይደርስ ያስነጥሰዋል። እኛ ልጆች ላይ ቤት ተቀምጠን በማስነጠሱ ብቻ ማን እንደመጣ እንለይ ነበር። ደረጃው የዋንዛ እንጨት ሆኖ ግራና ቀኙ በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ነው። አባቴ ከፍኖተ ሰላም ፎቶ አንሺ እያስመጣ ቤተሰቡን ሁሉ አስነሥቶ፣ መስተዋት አስገብቶ እዚያ ሰቅሎናል። ፎቶዎቹ በገመድ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ስለተንጠለጠሉ ወጪ ወራጁን እጅ የሚነሱ ይመስሉ ነበር።

ሥርዓት ነበረው። ወደ ላይ ሲወጡ በቀኝ በኩል በሕይወት ያለነው፣ በግራ በኩል የሞቱት። ከቤተሰቡ ሰው ሲሞት አባቴ ከቀብር ተመልሶ፣ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ፣ የሟቹን ፎቶ ከቀኝ አንሥቶ ወደ ግራ ያሻግረዋል። አያቴ፣ ሁለቱ አጎቶቼና በኩፍኝ የሞተው ታላቅ ወንድማችን ግራ ነበሩ። ለንግድም ለሽምግልናም የሚመጣ ሁሉ በዚያ ደረጃ ስለሚወጣ፣ በእኛ ቤት ማን እንዳለና ማን እንደሌለ የቡሬ ሰው የሚያውቀው ግድግዳችንን አይቶ ነበር።

ታላቅ እህቴ እናኑ ስድስተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ስትጨርስ አባቴ ለአንድ የደምበጫ ባለጸጋ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጠ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እናኑ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ጌሾው ተወቅጦ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍራ ደብረ ማርቆስ የእናቴ ዘመድ ዘንድ ሄደችና ሰባተኛ ክፍል ገባች። በሳምንቱ ደብዳቤዋ ደረሰ፤ «ይቅር በሉኝ፣ ግን አልመለስም» ይላል። አባቴ በሽማግሌዎች ፊት አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ የእናኑን ፎቶ ከእኔው ጎን አውርዶ በግራ ግድግዳ ላይ፣ ከሞተው ወንድማችን ሥር ሰቀለው። «ለእኔ ሞታለች» አለ።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እልኬ ግን ከቁመቴ ይረዝም ነበር። በነጋታው አባቴ እስኪወጣ ጠብቄ በርጩማ አምጥቼ ፎቶዋን ወደ ቀኝ መለስሁት። እሱም ወደ ግራ መለሰው። ደገምሁት፤ ደገመው። በሦስተኛው እግሬን በአርጩሜ ለበለበኝና ፎቶውን በወፍራም ምስማር ከግድግዳው ጋር ቸነከረው። አሁን ሰዎች «ዘመኑ ነው፣ ያኔ ሁሉም ይመታ ነበር» ይሉኛል። ሁሉም አይመታም ነበር። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ስድስት ልጅ ሲያሳድግ እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በዘመኑ አታሳብቡ።

እናቴ በዚያ ሁሉ መሀል አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የተላጠ እግሬን ቅቤ እየቀባች «ተይ፣ ከእንግዲህ አትንኪው። እዚያው ይቆይ» አለችኝ። ያን ጊዜ ጠላኋት፤ እናኑን የከዳቻት መሰለኝ። አባቴ ደግሞ ዝምታዋ ደስ አሰኝቶት «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርት ነበር።

በመጣው የገበያ ቀን አባቴ ጎሕ ሲቀድ በርበሬውን አስጭኖ ወጣ። እናቴ በሩ እንደተዘጋ ሹሩባዋን ፈታች። ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀች፣ መጥታም ከእናኑ ፎቶ ሥር እርከኑ ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት። «ምንም፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጭ» አለችኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ወንፊት ልትዋስ መጣች። እናቴን አየቻትና ክው አለች። «ምነው እቴ? ማን ሞተብሽ?» ብትላት እናቴ ዓይኗን ብቻ ወደ ግድግዳው አነሣች። እትዬ ዘነቡ ቀና ብላ እናኑን ከሙታን መካከል አየቻት። ወንፊቱንም እኛንም ትታ «ወየው ወየው! እናኑን!» እያለች ወደ መንገድ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው የእናቴ እጅ የለበትም፤ የቡሬ ሥራ ነው። ቤቱ ሞላ፣ ግቢው ሞላ። አገልግል ተሸክሞ የመጣ አለ፣ ደረቱን እየመታ የገባ አለ። አንዲት አልቃሽ ደረጃው ሥር ቆማ ሙሾውን ታወርደው ጀመር፤

ሠርግሽን ደግሼ ስጠብቅሽ በደጅ፣
ምነው አጣደፈሽ እናኑ የኔ ልጅ።

ደብዳቤዋን በጆሮዬ የሰማሁት እኔ እንኳ ያን ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ሳይ እውነት መስሎኝ ከሁሉም በላይ ጮህሁ። እናቴ ስባ አቀፈችኝና በጆሮዬ «አልሞተችም፣ አንቺ ጅል። አፍሽን ያዢ» አለችኝ። ክንዴንም ቆነጠጠችኝ።

ወሬው ገበያ ደረሰ። አባቴ በርበሬ እያስመዘነ ሳለ አንድ ሽማግሌ «እግዜር ያጥናህ፤ የእናኑን አሁን ሰማን» ይሉታል። በዝግታ መራመድን ክብሩ ያደረገ ሰው ከገበያ እስከ ቤት ሮጠ። ባዶ ራሱን፣ ጋቢው መሬት እየተጎተተ ገባ። «ልጄን! እናኑዬን! ምን አገኛት? ማን ነው የነገራችሁ?» ይላል። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አሳዘነኝ፤ እግሬም ገና ይጠዘጥዘኝ ነበር።

እናቴ ከእርከኑ ሳትነሣ «አንቱ አይደሉ የነገሩን?» አለችው። «እኔ ምን ወሬ አለኝ? አንቱ ሞታለች አሉ፤ ከሙታን ጋርም ሰቀሏት። ታዲያ ልጄ ሞታ ሳይለቀስላት ትቅር? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ የባሌን ቃል አከበርሁ።»

ከሴቶቹ አንዷ በበርበሬው አስነጠሰች። አባቴ እንባው በጉንጩ ላይ እንደቆመ «በሕይወት አለች?» አለ። እናቴ «ግድግዳውን ይጠይቁት» አለችው።

አባቴ እርከኑን ወጣ። ምስማሩን በጣቱ ያዘው፤ አልነቀል አለ። ራሱ ነው ያን ያህል ያጠበቀው። አገር ምድሩ እያየው ታገለ፣ ላበው ወረደ፣ በመጨረሻ ምስማሩ ከነልስኑ ወጥቶ ኖራው ትከሻው ላይ ተራገፈ። የእናኑን ፎቶ ከእኔ ጎን መልሶ ሰቀለና ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ «ልጄ አለች። ደብረ ማርቆስ ትምህርት ላይ ናት። እህል ቅመሱና ሂዱ» አለ።

የንስሐ አባታችን በማግስቱ መጥተው እናቴን «በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ መቶ ስገጂ» አሏት። «እሰግዳለሁ አባ» አለች፤ «በቁሙ ያለን ልጅ ከሙታን መደመርስ ስንት ስግደት ነው?» አባ ሳል ያዛቸው። እናቴ መቶውን ሰገደች፣ ጉልበቷ አበጠ፣ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። አባቴ አንድ ወር አላናገራትም። እናኑ ለክረምት ስትመጣም ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሰላትም፤ ነገር ግን የልብስ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። እህቴ ተምራ ነርስ ሆነች፤ የደምበጫው ልጅም ሌላ አግብቶ ወለደ። ማንም አልሞተም።

አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ አለ፤ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። እዚሁ ባሕር ዳር የጋራ ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ባለፈው ወር ሴት ልጁ እሱ ያልመረጠውን ሰው አገባች። ፎቶዎቿን በሙሉ ከስልኩ አጠፋ። አንድ ጣት በቃው፤ ምስማር የለ፣ ኖራ የለ፣ ያየም ሰው የለ። ከዚያ ደውሎ «ለእኔ ሞታለች» አለኝ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድሁና በሩ ፊት ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሰዎች ወጡ፣ ወረዱ። አንዳንዶቹ «እንዴት ዋሉ እማማ» ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ስልካቸውን እያዩ ያልፉኛል። ማን ሞተብዎ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ቡሬ ቢሆን ኖሮ ቀትር ሳይሆን መንደሩ በሞላ ነበር።

ማምሻውን ወንድሜ በሩን ገርበብ አድርጎ «እታለም፣ በሞቴ ግቢ፤ ሰው ያይሻል» አለኝ።

«ሰው እንዲያየኝ ነው የተቀመጥሁት» አልሁት።

ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ነገም እሄዳለሁ።