ጋቢ የለበሰ ባሕር

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የአጎቴ መኪና አስፋልቱ ዳር ቆመ። ክላክሱን ሁለተኛ ሳያሰማ በር ላይ ደርሼ ነበር። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ከወር በፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ በስልክ አንድ ነገር ለምኜው ነበር፤ ያስታውሰዋል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች አወረደ። ከዚያ ክዳኑ የተበሳሳ ባልዲ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ እያለ መጣ።

"ፍተሻ ላይ 'ምን ጭነሃል?' ሲሉኝ 'ውሃ' አልኳቸው። 'ከጅቡቲ ውሃ?' ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። 'ለማን ነው?' ሲሉኝ 'ሐይቅ ለምትኖር የእህቴ ልጅ' ብላቸው ጭራሽ ሻይ ጋበዙኝ!"

"ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ውሃ የምታስጭን ልጅ ወለድኩ" አለች እናቴ ከኋላዬ።

እኔ ባልዲውን እየከፈትኩ ነበር። ቀዳዳ የበዛባቸው ሁለት ድንጋዮች፣ በመካከላቸው አውራ ጣቴን የሚያክል ዛጎል። ዛጎሉ ተነቃነቀ። ከሥሩ ቀያይ እግሮች ወጡ። ሸርጣን ነው፤ የራሱ ዛጎል የለውም፣ የሞተ ቀንድ አውጣ በተወው ዛጎል ውስጥ ገብቶ የሚኖር ዓይነት። ሥዕሉን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። አሁን ግን ዓይኖቹን በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ከፍ አድርጎ እኔኑ ያየኛል። ጮህኩ። እኔ የምጮህ ሰው አይደለሁምና እናቴ የነከሰኝ መስሏት ሮጠች።

ባዮሎጂ ነው የተማርኩት። ከተመረቅኩ በኋላ በከተማችን በሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው ይስማማኛል፤ ማይክሮስኮፕ ወሬ አይጠይቅም። ስለ ባሕር ብዙ ገጽ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ፤ ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሐይቃችንን ነው።

ባሕሩን የማኖርበትን ገንዳ መስኮትና ሾኬዝ የሚሠራ ባለሙያ በመስታወትና በሲሊከን ማጣበቂያ ሠርቶልኛል። የቧንቧ ውሃ ሞልቼ ሳምንት ሙሉ አለማፍሰሱን ስጠባበቅ ከርሜ ደፍቼዋለሁ። አየር ለምትነፋው ትንሽ ፓምፕም መብራት ሲጠፋ የምትሠራበት ባትሪ ገዝቻለሁ። ያን ቀን ሁለቱን ጀሪካን ገለበጥኩ። ሦስተኛውን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። አጎቴ ከዚህ በኋላ በሌላ መስመር እንደሚሠራ ነግሮኛል፤ ስለዚህ ያ ጀሪካን የመጨረሻው ባሕሬ ነበር።

የውሃውን ከፍታ በቀይ የጥፍር ቀለም መስታወቱ ላይ አሰመርኩ። ውሃ ይተናል እንጂ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ ከመስመሩ በታች ሲወርድ የጎደለውን የምሞላው በታሸገ ንጹሕ ውሃ ነው።

"እኛ የቧንቧ እየጠጣን፣ እሱ የታሸገ!" አለች እናቴ። "ሸርጣን በሆንኩ!"

ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ ከደስታዬ ብዛት አንድ ስሕተት ሠራሁ። ገንዳውን ሳሎን ውስጥ፣ ምሥራቁን ከሚያየው መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት የውሃው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይጨፍር ነበር። ሥራ እንዳይረፍድብኝ እየሰጋሁ፣ ጫማዬን በአንድ እግሬ አድርጌ ቆሜ አየዋለሁ።

በስድስተኛው ቀን መስታወቱ ላይ ቡናማ ትቢያ የመሰለ ነገር አየሁ። አልጌ ነው። አልፈራሁም፤ አዲስ ገንዳ መጀመሪያ እንዲህ እንደሚያደርገው አንብቤ ነበር። እንዲያውም ሕይወት ጀመረ ብዬ ደስ እያለኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ድንጋዮቹ አረንጓዴ ጸጉር አበቀሉ። በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው፤ በሁለተኛው ቀን ብሶ መጣ። ውሃው ደፈረሰ። ሸርጣኑም ድንጋይ ሥር ገብቶ መውጣት ተወ።

እናቴ አንድ ማታ ወሰነች። "እሑድ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነው። ሰው ረግረግ አጠገብ ቁጭ ብሎ አይበላም። እስከዚያ ካልጠራ ይደፋል።"

እናቴ ያለችውን ታደርጋለች። ሦስተኛውን ጀሪካን ልለውጥበት አሰብኩ፤ ግን አልጌው እዚያው ድንጋዩ ላይ እያለ ውሃውን ብለውጥ ያለኝን ባሕር ሁሉ ከማባከን በቀር ምን አተርፋለሁ?

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ገንዳው አልነበረም። በቦታው ከላይ እስከ ታች በእናቴ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ቆሟል።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዓይን በላው። ጎረቤታችን ዛሬም መጥታ 'ወላሂ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም' እያለች ስታፈጥበት ዋለች። ያ ሁሉ ሰው አፍጥጦበት እንዴት አይታመም? አራስ እንኳ ይሸፈናል! እስከ ማኅበሩ እንዳትገልጪው።"

ልገልጠው የጋቢውን ጫፍ ይዤ ነበር። እዚያው ቆምኩ። አረንጓዴ ነገር ያለ ብርሃን ምግቡን አይሠራም፤ ይህን ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ቅጠል በጥቁር ወረቀት እየሸፈኑ ሲያረጋግጡ ወረቀቱን የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ። ሸርጣኑን ደግሞ ጨለማ አይጎዳውም። ጫፉን ለቀቅኩት። በመስኮቱ በኩል የሳሳውንም ጎትቼ ደረብኩት።

"ልክ ነሽ፤ ፀሐይዋ ናት የጎዳችው" አልኳት።

"እና ፀሐይስ ዓይን አይደለች?" አለች እናቴ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ አልገለጥኩትም። ጆሮዬን ጋቢው ላይ ለጥፌ የፓምፗን ቡልቅ ቡልቅታ እሰማለሁ፤ ስለ ሸርጣኑ ግን የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

እሑድ ማኅበርተኞቹ መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ዳቦውንና ጠላውን አቅርቤ ወደ ጓዳ ልገባ ስል አንዷ እናት ወደ መስኮቱ አገጫቸውን ቀሰሩ። "ያ ተሸፋፍኖ የተኛው ማነው? እንግዳ አለባችሁ?"

"ባሕር ነው" አለች እናቴ።

"የምን ባሕር?"

"የልጄ ባሕር። ነይ፣ ግለጪላቸው።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጋቢውን ሳብኩት። ውሃው ጠርቷል! አረንጓዴው ጸጉር ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ እዚህም እዚያም ብቻ ቀርቷል። ሸርጣኑ ከድንጋዩ አናት ላይ ወጥቶ የተረፈውን እየነጨ ወደ አፉ ይከታል።

"በስመ አብ! ጊንጥ!"

"ጊንጥ አይደለም፣ ሸርጣን ነው" አልኩ። ድምፄ ወጣ። "ያደረበት ዛጎልም የሱ አይደለም። የሌላ ቤት ነው።"

"ተከራይ በይና!"

"ሲያድግ ይጠበዋል፤ ያኔ ሌላ ይፈልጋል።"

"እንግዲህ ሐይቅ ቤት ከየት ሊያገኝ ነው!" ተሳሳቁ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩ። ከዚያ ስለ አልጌው፣ ስለ ጨለማው፣ ስለ ጋቢው ነገርኳቸው። ያን ያህል ሰው ፊት ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከሐይቁ ዳር ርቀው የማያውቁት እናት መዳፋቸውን ዘረጉ። "እውነት ጨው ነው? አቅምሺኝ።" በስኒ ቀድቼ ጠብ አደረግኩላቸው። ፊታቸው ተጨማደደ። "ወጥ ቢሆን ለውሻም አይሰጥ!" ወዲያው ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። አንዷ ለጉልበታቸው መታሻ ብለው ከቦርሳቸው የጠበል ጠርሙስ አወጡ። እምቢ ማለት አልቻልኩበትም፤ ቀዳሁላቸው። ሌላዋም አወጡ። ሌላዋም። ሲመሽ ውሃው ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት ወርዶ ነበር። እናቴ መስመሩን አየች፤ ስለ መድፋት ግን አልተነፈሰችም።

በማግስቱ ገና በማለዳ ከውሃው ግማሹን በንጹሕ ባልዲ ቀዳሁ። ከእናቴ ጋር ገንዳው ያለበትን ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይዘን ከመስኮቱ ራቅ ወዳለው ግድግዳ አዛወርነው፤ የቀዳሁትንም መለስኩ። ፀሐይዋ ስትገባ ያረፈችው ባዶ ወለል ላይ ነበር። ከዚያ አልጋዬ ሥር ገብቼ ሦስተኛውን ጀሪካን ሳብኩት። ፀሐይ የወሰደችው ቢሆን በታሸገ ውሃ እተካው ነበር፤ እነሱ የወሰዱት ግን ባሕር ነው። ክዳኑን ፈትቼ፣ አንድ ጠብታ መሬት ሳላደርስ፣ እስከ ቀዩ መስመር ሞላሁ።

ጋቢውን አጣጥፌ ለእናቴ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

"እዚያው ከጎኑ አስቀምጪው" አለች። "ማኅበርተኛው ሁሉ አይቶታል፤ ዛሬ ከተማው ሊመጣ ነው።"