የሀጂ ፈተናና የፈረንሳይ ወርቅ

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሬኒየር ቢች ሰፈር ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሽማግሌዎችን አስጠናለሁ። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ከሁሉም ያስቸገሩኝ አንድ ሀጂ ናቸው፤ ድሮ ደሴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ሐሳባቸው ዜግነቱን ይዘው ባለቤታቸውን ማምጣት ነው። አንዴ ወድቀዋል፤ አሁንም ከወደቁ ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

"ሀጂ፣ መልሱን ብቻ ይያዙ" እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን የዚህ አገር የነጻነት ጦርነት ላይ ስንደርስ ድርቅ አሉ።

"ገና የተቋቋመ መንግሥት ነው፣ ግብር እንኳ መሰብሰብ አይችልም። ለወታደሩ ደመወዝ ከየት አመጣ?"

እየተነጫነጭኩ በስልኬ ሰርች አደረግኩና አነበብኩላቸው። ያተሙት የወረቀት ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ነበር። መቶ ዶላሩ ላይ ሥዕሉ ያለው ሽማግሌ ፈረንሳይ ሄዶ፣ ንጉሡን ለምኖ፣ ወርቁንም ብሩንም በርዳታና በብድር አስላከ።

"የታደሉ ናቸው" አሉ ሀጂ። "እነሱ ከሰው አገር ንጉሥ አገኙ። እኛ ከሚስቶቻችን ነው የወሰድነው።"

በእኛ አገር ጦርነት ጊዜ ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ሲባል መዝጋቢው እሳቸው ነበሩ። ራሱ ሳይሰጥ ከሰው ይሰበስባል እንዳይባሉ የሚስታቸውን የአንገት ወርቅ ከሣጥን አውጥተው አስረከቡ። "እሷ ገበያ ሄዳ ነበር" አሉኝ።

የፈተናው ቀን ኤቨረት ከተማ ካለው ሥራዬ ፈቃድ ጠይቄ እኔው ወሰድኳቸው። ሲወጡ ይስቃሉ። ፈታኟ ያ የመቶ ዶላሩ ሽማግሌ በምን ይታወቃል ብትላቸው፣ "ፈረንሳይ ጎ፣ ጎልድ ብሪንግ" ብለዋት፣ ከትክክለኛዎቹ መልሶች ዲፕሎማት የሚለው ላይ ምልክት አደረገችላቸው። ስንት ቅዳሜ የተጨቃጨቅንበት ነገር አሳለፋቸው ማለት ነው። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

መኪና ውስጥ ለባለቤታቸው ኮል አደረጉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሁሌም ስፒከር ላይ ነው።

"አለፍኩ! ወረቀትሽን ዛሬውኑ እናስጀምራለን።"

"እንኳን ደስ አለህ" አሉ ባለቤታቸው ረጋ ብለው። "እኔ ግን እመጣለሁ ብያለሁ?"

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ያን ሁሉ ቅዳሜ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

"አልጠየቅኩሽም" አሉ ወደ ስልኩ ተመልሰው። ድምፃቸው ወርዷል። "ትመጫለሽ?"

"አስቤ እነግርሃለሁ" አሉና ስልኩን ዘጉት።