ማርሊስ ያላሸነፈችው ሽልማት

በዱሉት ከተማ፣ ትልቁን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ማርሊስ ኦስትቢ የምትባል የሃያ ዓመት ተማሪ ተከራይታ ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ውሃውንና ሰማዩን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ማዕድን የጫኑት ረጃጅም መርከቦች አየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እሷም ጉንጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ስታያቸው ክፍል የምትገባበት ሰዓት ያመልጣታል።

የምትኖረው በብድር ነበር። የተማሪ ብድር በየመንፈቀ ዓመቱ ይገባል፤ ኮሌጁ የራሱን ይቆርጣል፤ የተረፈው የቤት ኪራይዋ፣ ቀለቧና የአውቶቡሷ ነው። ገንዘቡ በገባ ቀን ሀብታም የሆነች ይመስላትና አንድ ከረጢት ብርቱካን ትገዛለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ብርቱካኑ ሳያልቅ አባቷ አርቪድ ደወለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ይሠራበት የነበረው የማዕድን ማውጫም ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። እያወራ ሳል ያቋርጠዋል።

«ቤቱ ይሞቃል አባዬ?»

«ካፖርቴን ለብሼ እተኛለሁ። ማሞቂያው አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሞት እየተያየን ነው።»

ልርዳህ ብትለው ስልኩን እንደሚዘጋባት ታውቃለች። ሳታስበው አፏ ቀደማት።

«ሽልማት አገኘሁ እኮ! ስለ ሐይቁ በጻፍኩት ጽሑፍ። ሁለት ሺህ ዶላር! ምን እንደማደርግበት ግራ ገብቶኝ ነበር።»

የኑሮዋን ገንዘብ ላከችለት። አርቪድ አዲስ ማሞቂያ አስገባ፤ ከዚያ በሚኖርበት ሰፈር ከምግብ ቤቱ እስከ ነዳጅ ማደያው፣ ስለ ልጁ ሽልማት ያልሰማ ሰው አልቀረም።

ማርሊስ ግን በዳቦና በሻይ ሰነበተች። ረሃቡ መጀመሪያ ይቆነጥጣት ነበር፤ በኋላ ለስላሳ ሆነ። ደረጃው ከእግሯ ሥር የሚሸሽ፣ የመምህሩ ድምፅ ከውሃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላት ጀመር።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ አርቪድ በፒክአፕ መኪናው ሳይነግራት መጣ። ጸጉሩን ተስተካክሏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረና፣ «በይ እንግዲህ፣ አንብቢልኝ» አላት።

«ምኑን?»

«ጽሑፉን ነዋ! ሦስት ሰዓት የነዳሁት ለምን መሰለሽ?»

ማርሊስ የኬሚስትሪ ደብተሯን ከፈተች። ቀመሮቹ ላይ አፍጥጣ፣ በመስኮቱ የሚገባው ነጭ ብርሃን ፊቷ ላይ እያረፈ፣ ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። በረዶው ሲጠነክር ሌሊት እንደሚያቃስት፤ አሣዎቹ ከታች፣ በጨለማው ውስጥ፣ ክንፋቸውን እንኳ ሳያነቃንቁ ጸደይን እንደሚጠብቁ፤ እናቷ በጀልባ ስትወስዳት እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ «ይኸው፣ ሰላም በይው» እንዳለቻት። አርቪድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ስትጨርስ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ሺህ ያንሰዋል» አለ።

ሲወርድ አከራይዋ ወይዘሮ ቬርና ደረጃው ላይ ጠበቁት።

«አባትየው እርስዎ ነዎት? የወሩ ኪራይ ይቆይ፤ እኔ እታገሣለሁ። ሆዷ ግን አይታገሥም። ልጅቷ እየከሳች ነው፣ አያዩም እንዴ?»

አርቪድ ዞሮ ወደ ላይ አየ። ማርሊስ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ሁሉንም አነበበው።

«ሽልማት የሚባል አልነበረም ማለት ነው? የሞቅኩት በዕዳሽ ነው?»

«ብድሩ ለኑሮ ነው የሚሰጠው። አንተስ ኑሮዬ አይደለህም?»

አርቪድ ወጥቶ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ድንች፣ ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል ተሸክሞ ተመለሰና የወይዘሮ ቬርናን ማቀዝቀዣ ሞላው። በሳምንቱ፣ «ሞግዚት አልሆንም» ብሎ ሲሸሸው የኖረውን ሥራ ያዘ፤ የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ትመጣለች፤ ፖስታው ላይ «ለማሞቂያው» ተብሎ ተጽፎበታል።

ማርሊስ እስክትመረቅ ድረስ ተበደረች፤ ውሃውን በምታጠና መርከብም ሥራ አገኘች። ብድሩ ያለቀላት በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ በግንቦት ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከመርከቧ ላይ ልካ ለአባቷ ደወለች። አርቪድ አሁንም የሚነዳውን አውቶቡስ ዳር አቁሞ ስልኩን አነሳ።

«አለቀ?»

«አለቀ አባዬ።»

ከኋላው ልጆቹ ይንጫጫሉ። «ዝም በሉ እናንተ! ልጄ እያወራችኝ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የት ነሽ አሁን?» አላት።

«መሀል ውሃው ላይ።»

«እስቲ ውሃው እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ።»