የልብስ ሰፊዋ ምስማሮች

የባለቤቴ አክስት ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን ቅጥነታቸውንና ሥራቸውን አንድ ላይ አድርጎ «መርፌ» ይላቸዋል። ያውቃሉ፣ አይቆጡም። ባለቤቴ እናትና አባቱን በልጅነቱ ሲያጣ፣ እኛ ከምንኖርበት በታች ባለችው ክፍል ውስጥ በአንዲት የስፌት መኪና አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተውታል።

የእትዬ ደንበኛ በር አያንኳኳም። ሥራ ላይ ሆነው መኪናዋን ማቆም ስለማይወዱ ከበሩ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ምስማር በረድፍ አስመትተዋል። የተቀደደ ያለው ልብሱን ይሰቅልና የሚሰፋበት ቦታ ላይ ብጣሽ ጨርቅ ያስራል። ብጣሹ ቀይ ከሆነ ቶሎ ይድረስልኝ ማለት ነው። ሰፍተው ሲጨርሱ እዚያው መልሰው ይሰቅሉታል። እኔ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን ሰማዩ ሲያጉረመርም የተሰጣ ልብስ መስሎኝ ሁሉንም ሰብስቤ፣ ብጣሹን ፈትቼ፣ አጥፌ አስገባሁላቸው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሱሪ ሰብሳቢዋ» ይለኛል።

መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ጫፉ ላይ ከተማው ቁልቁል የሚታይበት ሰገነት አለ። ጎብኚ ብቅ ማለት የጀመረ ጊዜ ወንበር እናወጣ፣ ውሃ እናቀርብ ነበር። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። የእኛዎቹ ግን በየቀኑ አዲስ ስለሆኑ ሁልጊዜ ወርቅ ናቸው፤ ብረት የሆንነው እኛ ነን። ሕፃን አቅፌ ከገበያ ስመለስ የገዛ ደጃፌ ላይ ተራ ይዤ የቆምኩበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ አንድ አስጎብኚ፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ እዚህ ምስማር ላይ ብጣሽ ያሰረ የተመኘውን ያገኛል ብሎ አወራ። ሪባን፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ የጫማ ክር፣ ያገኙትን ሁሉ ያስሩ ጀመር። የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ የሰው ምኞት ተንጠልጥሎበት እንደ ሙሽራ አጊጦ ተገኘ። እሱም ለብሶት ዞረና፣ አንዱ እንኳ ለእኔ አልተመኘልኝም ብሎ ሰፈሩን አሳቀ።

እትዬ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ጠዋት ጠዋት መቀስ ይዘው ወጥተው ምኞቱን ይቆርጡና ከረጢት ውስጥ ይከቱታል። ጎብኚዎቹ በመስኮት ካሜራ አፍንጫቸው ሥር ሲደቅኑባቸው ቀና ሳይሉ ክር ያስገባሉ። መጋረጃ ልስፋልዎ ብላቸው፣ ለምን ብለው ጠየቁኝ። ደንበኛም ልብሱን ከምኞቱ መሀል መለየት ሲያቅተው ቀስ በቀስ ቀረ።

በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ሰበሰበን። የመጣችው ሴትዮ በትሕትና አስረዳች፤ ቡድኑ አነስተኛ ይሆናል፣ በላይ ገብቶ በታች ይወጣል፣ ድምፅ ማጉያ ክልክል ነው፣ ከመሸ ነዋሪ ብቻ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥበቃ ይቆማል። ምስማሮቹም ይነቀላሉ፤ ሰው የሚቆመውና መንገዱ የሚዘጋው እዚያ ጋ ነዋ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ምስማሩ ምን አጠፋ፣ ሰዉን ንቀሉልን እንጂ አለ። ሁሉም ዞሮ እትዬን አየ።

«ይነቀል» አሉ።

ተነቀለ፤ ቀዳዳው ተለሰነ። እውነት ለመናገር መንገዱ ተነፈሰ። ጎብኚው ሳይቆም ያልፋል፣ ልጄም ቀን ላይ ትተኛለች። ደንበኛው ግን አልተመለሰም። ዕድሜ ልኩን ሰቅሎ የሚሄድ እጅ ማንኳኳት አይሆንለትም። በየቤቱ ዞሬ፣ አንኳኩ እንጂ፣ አይበሏችሁም አልኩ። እሺ አሉ። የእኛ ሰፈር እሺ ደግሞ ይታወቃል፣ ማንም አልመጣም። እንዳንረብሻቸው ብለን ነው ይላሉ።

ዝም ያለ ቤት ለደላላ ይሸታል መሰለኝ፣ ደላላው መጣ። ክፍሏ ለእንግዳ ማረፊያ ትሆናለች፣ እሳቸው ከእኛ ጋር ላይ ይኖራሉ አለ። እትዬ ተስማሙ። ላይ ቦታ አይጠፋም፤ መኪናዋ ግን ከነብረት እግሯ በዚያ ደረጃ አትወጣም።

«ትሸጣለቻ» አሉኝ፣ ስለ ሰው ዕቃ እንደሚያወሩ።

ማልቀስ ነበረብኝ። ሽንኩርት ካልከተፍኩ እንባ ከመጣልኝ ግን ቆይቷል።

ቁልፉን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀር ወርጄ ክርና ቁልፎቻቸውን፣ የሸሚዙንም የኮቱንም፣ ካርቶን ውስጥ እከትላቸው ጀመር። በሩ ተንኳኳ። ሁለታችንም በሩን አየነው። ደገመ። ከፈትኩ። በታች በኩል የቆመው ጥበቃ ነው፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ የእኛን ወግ የማያውቅ ሰው። የተጠቀለለ ሱሪ ይዟል።

«ይቅርታ እናቴ፣ ልብስ ይሰፋሉ ብለውኝ ነው። መንገዱን የምንዘጋበት ሰንሰለት መንጠቆ ኪሴን ዘነጠለብኝ።»

እትዬ ሱሪውን ተቀበሉት፣ ገለበጡት፣ በቀዳዳው ጣታቸውን አስገብተው አዩት። መቼ እንደሚፈልገው ጠየቁት። ሲደርስልዎት አለ።

«ከነገ ወዲያ ና። አንኳኳና ግባ፣ ለጎረቤቶችህም ንገራቸው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ያው ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ሰውየው ሲወጣ፣ ነገ ደላላው ይመጣ የለ ወይ አልኳቸው።

«ሥራ ላይ ናቸው በይው» አሉና ወደ ካርቶኑ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጥቁሩን ክር እንዳቀብላቸው።