በልጉን ያልቆጠርኩ ቀን

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበተንብኝ የማስቀምጠው ክብ የጥድ ቁራጭ አለ። ክረምት ሲገባ ዛሬም ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ የታሪክ መምህርነቴም ሽበቴም ይጠፋና ቡታጅራ ዳር፣ ሽማግሌዎች ፊት፣ ላብ ያጠምቀኛል።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። አዲስ አበባ የዕፅዋት ሳይንስ እማር ነበር፤ ለእረፍት አጎቴ ቤት መጥቻለሁ። በአጎቴና በሙስሊሙ ጎረቤታችን ድንበር ላይ የቆመውን ጥድ ንፋስ ጣለው፤ ግንዱ ተቆርጦ ተነሣና ጉቶው ቀረ። ከሱ ሌላ የድንበር ምልክት ስላልነበረ፣ አጠገቡ ያለው የእንሰት ማሳ ዛፉን ለተከለው ወገን ይሁን ሲሉ ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። አጎቴ «አያቴ ነው የተከለው፤ ስልሳ ዓመት ያልፈዋል» አለ። የጎረቤታችን እናት ደግሞ «ወላሂ ባሌ ነው፤ ይሄ ልጄ በተወለደ በልግ» ብላ ማለች። ልጇ ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

የሁለቱ ቤት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል። አጎቴ ወደ ጉቶው ገፋ አደረገኝና «እኛ ዘንድ የተማረ አለ» አለ።

ኩራቴን አልደብቅህም። ፈረንጁ መምህራችን፣ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው ብሎ አስተምሮናል። በሱ አገር ዛፍ በበረዶው ወራት ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነቃል። ተንበርክኬ በብዕሬ ጫፍ ቆጠርኩ። የጉቶው ሙጫ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

«ስልሳ አንድ» አልኩ።

ጎረቤታችን እናቱን አየ። እሷ የምታየው ግን እኔን ነበር። «አንተ ልጅ፣ በልጉንም ቆጠርከው?» አለችኝ። አልገባኝም። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ማሳው ለአጎቴ ተፈረደ። እሷ በሐሰት የማለች ተባለች፤ ልጇም ሐፍረቱን መሸከም አቅቶት በወሩ ቀዬውን ለቆ ወጣ።

በዓመቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አንድ ጥድ ተቆረጠ። አትክልተኛው «በእጄ ነው የተከልኩት፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ» አለኝ። ቀለበቱ ሃያ ሦስት ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሃያ ሦስት። የኛ አገር ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው፣ በልግና ክረምት፤ ዛፉም በየዝናቡ ቀለበት ይጨምራል። መምህሬ አልዋሸም፣ የነገረኝ ስለ አገሩ ዛፍ ነው። የኛን የምታውቀው ሴትዮዋ ነበረች፤ እሷን ሳልጠይቅ ሳቅኩባት። በማግስቱ፣ ያየ ሰው መጠየቅ ልማር ብዬ፣ ታሪክ ትምህርት ክፍል ሄጄ ተመዘገብኩ። ዛሬ ተማሪዎቼ ሰነድ ይዘው ሲመጡ «የት አገር የበቀለ ነው?» እላቸዋለሁ። የሽማግሌ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ለመስቀል ስገባ በቀጥታ እሷ ቤት ሄድኩ። እንሰት እየፋቀች ነበር።

«ተሳስቼ ነበር፣ እናቴ» አልኳት።

ቀናም አላለች። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለነሱ ንገራቸው» አለች።

ነገርኳቸው፤ ጉቶው አጠገብ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት። አጎቴ ነጠላውን አራግፎ ተነሣና ሄደ፤ እስኪሞት አላናገረኝም። ማሳው ተመለሰላት። ልጇ ያለበትን የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ስለ ሰፈሩና ስለ ድሮው እጠይቃትና እሷ ስታወራ እኔ እጽፍ ነበር። ይህን ቁራጭ ከጉቶው አስቆርጣ የሰጠችኝ እሷ ናት። ስሰናበታት በሩ ድረስ ትሸኘኝና እሷም በተራዋ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር።

«አዲስ አበባ፣ ልጄን አላየኸውም?»