ተቀምጠን የተቆጠርንበት ማለዳ

ወደ እስር ቤት የሄድኩት በባጃጅ ነው። ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች መኪና ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ጎማው ተነፈሰና ባጃጅ አስቆሙ፤ እኔን መሐል አድርገው ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ሾፌሩ ድሮ ያስተማርኩት ሰው ነው። «ደኅና ዋሉ መምህር፤ ወዴት ነው?» ሲለኝ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ገብስ ገብስ ይሸታል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ የጉና ተራራ ብርድ ግን በእሷ በኩል ለመግባት ችግር የለበትም። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ጠዋትና ማታ ቆጠራ አለ፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ ይሰለፋል። አንድ ሰው ዘግይቶ በመነሣቱ ሁላችንም ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተንበርክከን ስለዋልን፣ የቁልፉን ድምፅ ስንሰማ ብድግ ማለት ለምደን ነበር።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አፌ አያርፍም። እዚያም አላረፈም። ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑ አልገፋ ሲል፣ አንዱ «እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ግፍ እያየ ለምን ዝም ይላል?» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ እቀበለዋለሁ። ሰው ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታልና ክፋቱ የራሱ ነው እላለሁ። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እላለሁ። የእሱ ሐሳብ ከሐሳባችን የራቀ ነው እላለሁ። መልስ አጥቼ አላውቅም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያዳምጡኝ ከእብናት የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን ሳያልፍ አይቀርም። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «እነሱም እያጣሩ ይሆናል» ይላሉ እንጂ ሌላ አይጨምሩም። «መምህር፣ እስቲ ያችን የወርቋን ድገማት» ይሉኛል። እደግማታለሁ። ትልቋ ልጃቸው ከዐረብ አገር ተመልሳ፣ አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። የልጅ ልጃቸውን የሚያዩበትን ቀን ሲያስቡ ፊታቸው ይፈታል።

ከበር ላይ የሁሉንም ምግብ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የገበሬው የወንድም ልጅ አገልግሉን ሲያቀብለኝ ዐይኑን አሸሸ። ጠባቂው ፈንጠር ሲልለት በሹክሹክታ ነገረኝ። ትልቋ ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ወደ ሆስፒታል ሲያመጧት መንገድ ተዘግቷል ተብለው ተመለሱ። በሌላ በኩል ሲዞሩ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። ከቀበሯት ሦስተኛ ቀኗ ነው። «በወጉ አርዱልን፤ ብቻቸውን እንዳይሰሙ» አለኝ።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ጎረቤቶቹ እኛ ነበርን፤ ሽማግሌው ደግሞ አብረውን የታሰሩ አንድ ቄስ። ተመካክረን ለማግስቱ ማለዳ ቀጠርነው። ተናጋሪው እኔ እንድሆን ሁሉም ተስማማ፤ «አፍ ያለህ አንተ ነህ» አሉኝ። ንግግሬን ሳዘጋጅ ዋልኩ። መግቢያ ነበረው፣ ሐተታ ነበረው፣ ማጽናኛ ነበረው። ለቄሱ ባሰማቸው እስከ መጨረሻው ታግሠው ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ ጌታችን በወዳጁ መቃብር ፊት ምን አደረገ?» አሉኝ።

«አስነሣው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አለቀሰ።»

«ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። አንተ ማስነሣቱን አትችለው። ማልቀሱንም ልትዘለው ነው?»

ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ንግግሬን ግን ከማሳጠር በቀር አልተውኩትም።

ያጋለጠን ደግነታችን ነው። በዚያ ቀን አንዱ ከብርድ የምትከልለውን ቦታውን ለገበሬው ለቀቀላቸው። ሌላው እጃቸውን አስታጠባቸው። ስኳሩን ከማንም የሚደብቅ ሰው ሻያቸውን ማር አደረገላቸው። እሳቸውም እየመረቁ ተቀበሉ፤ ማምሻውን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ሊነጋጋ ሲል ተነሥተን ከበን ብንቆም ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ጋቢያቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ትልቋ ናት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ልጁስ?»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ።

«እንደ ሙሽራ ስትይዙኝ ጊዜ ነው የገባኝ» አሉ። ከዚያ ድምፅ ሳያወጡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዙ ጀመር። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «አባቴ፣ እግዚአብሔር...» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ተወው ልጄ። ነገርህ ደግ ነው፤ ዛሬ አይገባልኝም። እንባ ካለህ አልቅስልኝ።»

እንባ ነበረኝ። ከተያዝኩበት ቀን ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ ለካ። ቄሱ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ተከተልን። ጋቢ ያለው ጋቢውን፣ ብርድ ልብስ ያለው ብርድ ልብሱን አዘቀዘቀ። ቄሱ ለሙታን የሚደርሰውን ጸሎት በቃላቸው፣ ቀስ ብለው ያደርሱ ገቡ።

ጸሎቱ ሳያልቅ የቆጠራው ሰዓት ደረሰ። ቁልፉ ተንቋቋ። ገበሬው እንደ ልማዳቸው ሊነሡ መሬቱን ተደገፉ። ቄሱ ትከሻቸውን ይዘው «ለቀስተኛ ይቀመጣል» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ፈራሁ። ግን ማንም አልተነሣም።

ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ተነሡ!» አለ። ደግሞ ሊጮኽ አፉን ሲከፍት የተዘቀዘቁትን ጋቢዎች አየ። የዚሁ አገር ልጅ ነው።

«ማን ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሴት ልጃቸው። ከነልጇ» አሉት ቄሱ።

ከዚያ እንደተቀመጥን በከንፈሩ ቆጠረን። አሥራ ዘጠኝ። ከሰዓት በኋላ አለቃው ሰምቶ ኖሮ ሁላችንንም አውጥቶ አንበረከከን፤ ገበሬውን ብቻ ተወልን። ቅር ያለው ሰው አላየሁም።

ከተፈታሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ለቅሶ ቤት ማጽናኛ ተናገር ሲሉኝ እምቢ ብዬ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ። እስር ቤት ሃይማኖቱን አስጣለው ብለው የሚያሙኝ አሉ። አላስጣለኝም። የድሮ መልሶቼንም ሐሰት ናቸው አልልም። ልጁን እንኳ ሳይቀብር ለቀረ አባት እነሱን ለመንገር ግን አፍ የለኝም።

ባለፈው ጥር እብናት ሄጄ ገበሬውን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ተፈትተዋል። ጤፍ ሲወቁ ደረስኩና ሥራውን ለሰው ትተው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ አወራን። ከዚያ ከጋቢያቸው ላይ ገለባ እያራገፉ፣

«ያን ለት ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር?» አሉኝ።

ከመግቢያው እስከ ማጽናኛው ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ረሳሁት» አልኳቸው።

«እንኳንም ረሳኸው» አሉ። «ማልቀስህን ግን እኔ አልረሳሁትም።»