ዓወት ያሰረው ፊልትሮ

የመኪና ዕቃ ስሸጥ ብዙ ዓይነት ደረቅ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ አቦይ ሃፍታይ ያለ ግን አላጋጠመኝም። "አቦይ" የምላቸው እንደ መቀሌ ሰው ነው፣ አባቴ ለማለት። እኔ ሸዋወርቅ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ በትዳር መጥቼ መቀሌ አጠገብ ቁሓ ቀረሁ። ሱቄ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ነው። አቦይ ሃፍታይ በሚኒባሳቸው ጠዋት ያመጡኛል፣ ማምሻውን ይመልሱኛል። ያቺ ሚኒባስ የቤቱ እንጀራ ናት፤ እርሻ የላቸው፣ ጡረታ የላቸው።

ከባለቤታቸው ከአደይ ኣረጋሽ የወለዱት አንድ ልጅ ነበር፣ ዓወት። እጁ የተባረከ ልጅ። የመኪናዋን ሆድ ዕቃ የሚያውቀው እሱ ነው፤ አባትየው መንዳት እንጂ ከስር መግባት አይወዱም። ወደ መቀሌ የሚያስገባው መንገድ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ዓወት አባቱን መኪናዋ ውስጥ ትቶ ሱቄ ገባ። ወደ ጦርነቱ እንደሚሄድ ነገረኝና አፌን ከፍቼ ሳለሁ ስለ ዕቃ ጠየቀኝ።

"እትዬ ሸዋ፣ የዘይት ፊልትሮ ፈልጌ ነበር። የቱ ይሻላል?"

ሁለት ዓይነት ነበረኝ። ተራው ዘይት በተቀየረ ቁጥር አብሮ የሚቀየር ነው። ሌላውን "ረጅም ዕድሜ" ይሉታል፤ የውስጡ ማጣሪያ ብዙ ቆሻሻ ስለሚይዝ ሁለት ሦስት የዘይት ቅያሬ ይችላል። ለኛ አገር አቧራ ሁልጊዜም የምመክረው ተራውን ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ሞተሩ ይጠበቃል። ይህንኑ ነገርኩት።

"ማን ይቀይርለታል?" አለኝ ሳቅ ብሎ። "አባቴን ታውቂው የለ! ረጅሙን ስጪኝ፤ እኔ እስክመለስ ይቆይለታል።"

መካኒኮች ፊልትሮ ሲያስሩ የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር በነጭ ቀለም ይጽፉበታል። ዓወት እዚያው ሱቄ ደጃፍ መኪናዋ ስር ገብቶ አሰረው፤ በቁጥሩ ፈንታ ግን አንድ ቃል ጻፈበት፦ "እስክመለስ"። አባቱ ጎንበስ ብለው አነበቡና ሳቁ። ያን ቀን ሦስታችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ነዳጅ ጠፋ፤ መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆማ ከረመች። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት አቦይ ሃፍታይ ሥራ ጀመሩ። የጎረቤት ልጆች አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ የዓወት ግን ወሬውም አልነበረም። አባትየው ዘይቱን ያስቀይራሉ፤ ፊልትሮውን ግን አያስነኩም። አንዴ አለፈ፣ ሁለቴ አለፈ፣ ሦስት አራቴ ሲሆን እኔ ቁጣ ጀመርኩ። መካኒኩ ስምዖን ሊፈታው እጁን ሲሰነዝር "ኣይትተንክፎ!" ብለው ጮኹበት፤ አትንካው ማለታቸው ነው። ስምዖን ጽሕፈቱን አነበበና እጁን ሰበሰበ።

"አቦይ፣ ሞተሩን እየገደሉት ነው" አልኳቸው።

"ሸዋ ጓለይ" አሉኝ፣ ሴት ልጄ እንደ ማለት፤ "ልጄ፣ እስክመለስ ይቆያል ብሏል። እኔ ከፈታሁት አይመለስም ማለቴ ነው። እንዴት አድርጌ ልፍታው?"

ተናድጄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሰላም በሆነ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ በየሰፈሩ የሞቱት ልጆች መርድዕ፣ መርዶው፣ ተነገረ። ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው የአቦይ ሃፍታይን በር አንኳኩ። አደይ ኣረጋሽ ገና ሲያዩዋቸው ገባቸው፤ ጩኸታቸው እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። አቦይ ሃፍታይ አንድ ዘለላ እንባ አላወጡም። "አስከሬኑስ? ልብሱስ?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። "እንግዲያው አላያችሁትም" አሉና ለቅሶ ሳይቀመጡ መኪናቸውን አስነስተው ወጡ። ሰፈሩ ነውር ነው አለ። እኔም ብያለሁ።

በዚያው ሳምንት ወደ ማምሻው፣ የቁሓን ዳገት ስንወጣ እኔ ከፊት ተቀምጬ ነበር። የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ሞተሩ ከውስጥ ያንኳኳ ጀመር።

"ያቁሙ፣ አቦይ! ሞተሩን ያጥፉት!"

"ይቆያል።"

"ስለ እግዚአብሔር፣ ያጥፉት!"

"ይቆያል ብሏል እኮ!" አሉና ነዳጁን ረገጡት።

ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። አቦይ ሃፍታይ መሪውን እንደ ጨበጡ ቀሩ፤ ከዚያ ቤታቸው ያላለቀሱትን ለቅሶ እዚያው ለቀቁት። "ወደይ! ወደይ!" ይላሉ፣ ልጄ ልጄ ማለታቸው ነው። ያጉረመረመው ሁሉ ተመልሶ መጣ። አንድም ሰው ሌላ መኪና አልያዘም፤ መንገድ ዳር ቆመን አብረን አለቀስን። እዚህ ከተማ ልጅ ያልሞተበት ቤት የት አለ?

ፊልትሮውን በመጨረሻ የፈቱት አቦይ ሃፍታይ ራሳቸው ናቸው። ማጣሪያው ተበጣጥሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ስምዖን ሊጥለው ሲል ነጠቁትና በነጭ ጋዝ ያጥቡት ጀመር፣ ጽሕፈቱ እንዳይለቅ እየተጠነቀቁ። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ሁላችንም አሮጌ ፊልትሮ እያጠብን እንገጥም ስለነበር ስምዖን "መልሰው ሊያስሩት ነው እንዴ?" ብሎ ደነገጠ። አልነበረም። ቤት ወስደው ከዓወት ፎቶ ስር አስቀመጡት። የሚቀበር ነገር አልመጣላቸውም፤ ከልጁ እጅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አደይ ኣረጋሽ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉለታል።

ሞተሩ በዘመድ በወዳጅ እርዳታ እስኪታደስ ወራት ፈጀ። በዚያ መሃል ያ ቤት ምን በልቶ እንዳደረ አውቃለሁ፣ አልናገረውም።

በቀደም አቦይ ሱቄ መጡ። ከስተዋል። ሁለቱንም ፊልትሮ ባንኮኒው ላይ አኖርኩላቸው፤ የሻጭ ነገር፣ መጠየቅ አለብኝ።

"የቱ ይሁን፣ አቦይ?"

ረጅም ዕድሜውን አንስተው አገላብጠው አዩትና ቀስ አድርገው መለሱት።

"ተራውን ስጪኝ፣ ጓለይ። የምጠብቀው ሰው የለኝም።"

ነጩን ቀለም አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ቁጥር ጻፉበት።